ጁሀራ የሰጠችን ክኒን

ለምወድሽ እህቴ ለማናልበሽ፣

እንደ ዓይኔ ብሌን የምሳሳልሽ እህቴ፣ እንዴት ነሽ? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን ልልሽ ነበር፣ ግን መዋሸት ይሆንብኛል። ለትምህርት እኔ ዘንድ የተውሻት ልጅሽ ቀለሟ በሕይወት አለች። አስቀድመሽ ይህን ያዢና የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ወር ከሮቤ ገበያ ስትመለስ ለታ የሚባል የነጋዴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጠለፋት። በማግስቱ ጎረቤቶቻችንና አብዮት ጥበቃዎች አስጥለው አመጧት። የደረሰባትን አልጽፈውም፣ አንቺም ሴት ነሽ። እንባዬ እስካሁን አልደረቀም።

እሷ ገና ፊቷን ሳትታጠብ የለታ ሽማግሌዎች ከተፍ አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘመዳቸው ስለሆነ ክሱ ይቅር አሉን። ወሩ ይጠበቅ፣ ካረገዘች ሚስቱ ትሁን፣ ካላረገዘች ካሳ ሰጥቶ ይለያዩ አሉ። ባሌ በለጠ ደግ ፍርድ መሰለው። እኔ ግን ሰውየው ሆዷን ቀብድ አድርጎ እንደያዘ ገባኝ።

ዕለቱን ጎረቤታችን ነርሷ ጁሀራ ክኒን ይዛ መጣች። የወሊድ መከላከያ ነው፣ ቶሎ ብላ ከተለመደው በዛ አድርጋ ትዋጥ፣ ከዚያም ትድገመው አለችኝ። እኔ መቼም ተጠራጣሪነቴን ታውቂዋለሽ፤ መንግሥት ሴቱን ሊያመክን ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የንስሐ አባታችንን ባማክራቸው ነፍስ በእጅሽ እንዳትጠፋ አሉኝ። ጁሀራ ደግሞ የተረገዘ ካለ አይነካውም፣ እንዳይረገዝ ነው እንጂ ብላ በአላህ ማለችልኝ። ላንቺ ጽፌ መልስሽን ብጠብቅ ጊዜው ያልፋል። ክኒኑን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ስንቆራጠጥ ቀለሟ እጇን ዘረጋች። አክስቴ፣ ሁላችሁም ስለ እኔ ሆድ ትማከራላችሁ፣ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም አለችኝ። ፈትቼ ሰጠኋት።

ክኒኑ ክፉኛ አስታወካት። የለታ አክስት ኦብሴ ጥየቃ ብላ ወተት ይዛ ስትመላለስ ነበር። መች አጣሁት፣ ስትሰልለን ነው! ልጅቱ ስታስታውክ አየችና እልል ብላ ወጣች። በሦስት ቀን ማን አስታውኮ ያውቃል ብላት የእኛ ዘር ፈጣን ነው አላለችኝም? ብስቅም ውስጤ ፈራ።

ባለፈው እሑድ ጊደር እየነዱ የሠርግ ቀን ሊቆርጡ መጡ። በለጠ ሊቀበላቸው ሲነሣ ቀለሟ ከጓዳ ወጣች። አባቶቼ፣ በከንቱ ደከማችሁ፣ የወር አበባዬን አይቻለሁ አለቻቸው። ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት ይህን ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። መሬት መሬት አዩ። ከዚያም ጊደራቸውን እየነዱ ተመለሱ።

እኔ እንደሆነ ነገሩ ማለቁን አሁንም አላመንኩም። ኦብሴ በደጃችን ታልፋለች፣ ስለዚህ ቀለሟን ብቻዋን አልልካትም። ወደፊት ትወልዳለች ወይ ብዬ ጁሀራን ነጋ ጠባ እጨቀጭቃታለሁ። ኃጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን።

ለባልሽ ለኃይለየሱስ እንዴት እንደምትነግሪው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትንሹን ልጅሽን ሙለታን ጉንጩን ሳሚልኝ። በለጠ ሰላም ብሎሻል። ቀለሟን ለእናትሽ አንድ መስመር ጨምሪ ብላት፣ ሰኞ ፈተና አለብኝ ብላ ደብተሯን ይዛ ሄደች።

እህትሽ ፋናዬ
ጎባ፣ ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.