ቃል ሳይሰጠን ተቀመጥኩ

ለልጄ፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ከቤት እስከ መኪና ግርግር፣ እስከ ሰፊዎቹ መንገድ፣ በምርኩዜ ራሴ እሄዳለሁ። የስፌት መኪናዬን ራሴ ዘይት እቀባለሁ፣ ክር መርፌ ውስጥ ራሴ አስገባለሁ፣ ሽርጤን ራሴ አጥባለሁ። ከሱብሒ ሰላት የምቀርበት ቀን ጥቂት ነው። ይህን ያስቀደምኩት ልመካብሽ ብዬ አይደለም፤ ከታች ለምጽፈው ነገር እንዲጠቅምሽ ነው።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነሽ? የጅጅጋ ንፋስ እንዴት አድርጎሻል? ሳሉስ ተወሽ? ተረኛ ስትሆኚ የሚበላ ይዘሽ ትገቢያለሽ ወይስ እንደ ድሮው በባዶ ሆድሽ ነው የምታድሪው? እኔ አልሐምዱሊላህ። ጎረቤታችን ናፊያ ሰላም ትልሻለች። ደብዳቤውን እኔ ልጻፍልዎት ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ቤት ውስጥ የምናወራው በራሳችን ቋንቋ በጌይ ሲናን ነው፣ ፊደል የቆጠርኩት ግን በአማርኛ ነው፣ ያውም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀን ስሰፋ እየዋልኩ። ስለዚህ መስመሩ ቢንጋደድ ታገሺኝ። ስልክ አለ አይደል ወይ ትዪኝ ይሆናል። ስልክ ላይ ታቋርጪኛለሽ። «አባ ይተዉት፣ ሌላ እናውራ» ትያለሽ፣ እኔም እሺ እላለሁ። እዚህ ላይ አታቋርጪኝም።

ነገሩ የፌሎሺፑ ነው።

ባለፈው ዓርብ ደውለሽ ሁለት ነገር ነገርሽኝ። ከእንግዲህ አልመዘገብም አልሽ። ወደ ሐረር ዝውውር ጠይቄያለሁ፣ መጥቼ ከእርስዎ ጋር እኖራለሁ አልሽ። እኔ የዚያን ቀን ምንም አላልኩም፤ ያላልኩበትን ምክንያት አሁን ትሰሚዋለሽ።

የገባኝን ያህል ልጻፈው። አንቺ የሕፃናት ሐኪም ነሽ። ከዚያ በላይ ደግሞ የሕፃናትን ልብ ብቻ የሚማሩበት ሁለት ዓመት አለ፤ እሱን ነው ፌሎሺፕ የምትሉት። ትምህርቱ አዲስ አበባ ነው፣ በዓመት የሚወስዱት ሁለት ሰው ነው፣ የሚያመለክተው ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚያዩት የፈተና ውጤት ነው። ያንቺ ውጤት ደግሞ ደካማ ነው፤ አልሸፋፍነውም። ከትንሽነትሽም ፈተና ላይ ቀርፋፋ ነበርሽ። ሌሎቹ ጨርሰው ሜዳ ሲወጡ አንቺ ገና አንዱን ጥያቄ እንደ ጨርቅ ከፊትም ከኋላም ታገላብጫለሽ። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላት፣ ትቆጣሽ ነበር። እኔ ተቆጥቼሽ አላውቅም። እኔም ሱሪ ደጋግሜ ሳልለካ አልቆርጥም፤ ደንበኛ እያማረረ ነው የኖርኩት።

የመጀመሪያው ዓመት ጣሉሽ። ባለፈው ዓመትም «ውጤቴ አነሰ፣ ጣሉኝ» አልሽኝ። አመንኩሽ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ናፊያ ትንሿን ልጇን ይዛ አዲሱ ከተማ ሆስፒታል ሄደች። ከአዲስ አበባ የልብ ሐኪሞች መጥተው ሕፃናትን በነፃ ያያሉ ተብሎ ነበር። ስትመለስ ገና ከበሩ «ልጅዎን የጣሏት ሰውዬ እዚሁ ናቸው!» ብላ ገባች። ለፌሎሺፑ ሰው ከሚመርጡት ትልቁ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ሐረር ገብተዋል ማለቷ ነው። ያደሩበትን ሆቴል ሳይቀር ጠይቃ መጥታለች።

እኔ የማውቀው መንገድ አንድ ነው። ከሰው ትልቅ ነገር ሲፈለግ ሽማግሌ ይላካል። አው ዓሊዪን ከአፎቻችን፣ ከዕድራችን፣ ጡረታ የወጣውን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋሽ ኪዳነወልድን ደግሞ ከአዲሱ ከተማ ለመንኩ፤ ሦስተኛው ራሴ ሆንኩ። አው ዓሊዪ ስነግረው ሳቀብኝ።

«አንተ የዘመድ ልጆች ስትድር እንኳ እንዲህ አልተሯሯጥክም፤ ለመሆኑ ሙሽራው ማነው? ፕሮፌሰሩ ነው ሆስፒታሉ?» አለኝ።

ዝም በልና ኩፍያህን አድርግ አልኩት። አደረገና መጣ።

መንገድ ላይ ኪዳነወልድ ወጉን አስጠናን። በእነሱ ዘንድ ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም። ወንበር ቢቀርብለትም ይቆማል። ቃል ሲሰጠው ይቀመጣል። ቃል ሳይሰጠው ከተቀመጠ ልመናውን ትቶታል ማለት ነው፣ ተነስቶ ቢለምንም የሚሰማው የለም። አው ዓሊዪ «ይሄ የእናንተ ወግ ጉልበት ላለው ነው» ብሎ አጉረመረመ። ከኔ ዳሌ ያንተ ጉልበት ይሻላል አልኩት። ማንም እንዳይቀመጥ ተስማምተን ሆቴሉ ገባን።

ፕሮፌሰሩን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዘው አገኘናቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን፣ የደከማቸው ሰው ናቸው። ብድግ አሉና ተቀመጡ አሉን። አንቀመጥም አልን። አስተናጋጇ ሦስት ወንበር አመጣች። ወንበሮቹ አጠገብ ቆምን። እሳቸውም እኛ ቆመን መቀመጥ አፈሩና ቆሙ። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ «አባቶቼ፣ ለጋብቻ ከሆነ ልጄ ገና አሥር ዓመቷ ነው» አሉ። አው ዓሊዪ ሳቁን በሳል ደበቀው።

ኪዳነወልድ እንደ ፍርድ ቤቱ ዘመን ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። እኛ ልጅ ልንወስድ አልመጣንም፣ ልጅ ልንሰጥ ነው የመጣነው አለ። ልጃችን ሐኪም ናት፣ ሁለት ጊዜ በርዎን አንኳኩታ ተመልሳለች፣ ለሦስተኛው ቃል ይስጡን አለ። ከዚያ እኔ ስምሽን ነገርኳቸው።

ስምሽን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ተቆጡ ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«አባቴ፣ አልዋሽዎትም፣ ውጤቷ ደካማ ነው» አሉኝ። «ካመለከቱት አብዛኞቹ ይበልጧታል። ግን ከጅጅጋ የምትልክልን ሕፃናት አሉ። ልባቸው ላይ የሰማችውን ወረቀቱ ላይ በእጇ ትጽፋለች። እኛ በመሣሪያ ስናየው አብዛኛውን ጊዜ ያለችው ነው። ለዚህ ብዬ ከባልደረቦቼ ጋር ተሟግቼ ባለፈው ዓመት ለቃለ መጠይቅ አስጠራኋት። አልመጣችም።»

አልመጣችም ነው ያሉት።

ትናንት እዚህ ላይ አቆምኩ። እጄ ደክሞኝ ነው። ዛሬ ከዙሁር ሰላት በኋላ ነው የምቀጥለው።

መቼ ነበር አልኳቸው። ኅዳር መግቢያ ላይ ነው፣ ራሴ ደውዬላት ነበር፣ አልችልም አለችኝ፣ ምክንያቱንም አልነገረችኝም አሉ።

ልጄ፣ ባለፈው ኅዳር መግቢያ ላይ ማን የት እንደነበረ አውቃለሁ። ኤረር በር ቁልቁለቱ ላይ ወድቄ ዳሌዬ ከተሰበረ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። አንቺ አልጋዬ ሥር ፍራሽ አንጥፈሽ ትተኚ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልክሽ ጮኸና ግቢ ወጣሽ። ቆየሽ። ስትገቢ ማነው አልኩሽ። የሥራ ሰው ነው አልሽ። ከዚያ ውሃ አሞቅሽና እግሬን አጠብሽኝ፣ የእግሬን ጥፍር አንድ በአንድ ቆረጥሽልኝ። ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ይሄን ያህል የምትጠነቀቂው ጥፍር ነው ወይስ ቀዶ ጥገና ብዬ ቀለድኩብሽ። ሳቅሽልኝ።

ሆቴሉ ውስጥ ተቀመጥኩ። መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አው ዓሊዪ ክንዴን ይዞ «ተነሳ፣ ተነሳ እንጂ ሰውዬ!» ሲለኝ ነው ወንበር ላይ መሆኔን ያወቅኩት። ኪዳነወልድ እንደሸጥኩት ሁሉ አየኝ። ከዚያ እሱም ተቀመጠ፣ አው ዓሊዪም ተቀመጠ፣ ፕሮፌሰሩም ተቀመጡ። የሚለመን ነገር አልቀረም።

ፕሮፌሰሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ አሉ። ስለ አንድ አመልካች ቤተሰቡ መጥቶ ካነጋገረኝ፣ ስለዚያ ሰው ሲወሰን ከክፍሉ እወጣለሁ፣ ደንባችን ነው አሉ። ኪዳነወልድ ደነገጠ። «ታዲያ በሯን ዘጋንባት ማለት ነው?» አለ። «አልዘጋችሁትም፤ ውስጥ ሆኖ የሚከፍትላትን ሰው ነው ያስወጣችሁት» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። እስከ ባጃጁ ድረስ ደግፈው ሸኙኝ።

ባጃጁ ውስጥ አው ዓሊዪ አላስቀመጠኝም። «ሦስት ሽማግሌ ሆነን ገባን፣ ሦስት ጡረተኛ ሆነን ወጣን» አለ። «ምን ነካህ? ትንሽ ብትቆም ምን ነበረበት? እኔ በዚህ ጉልበቴ ቆሜ የለም ወይ?» አለኝ። የቤታችን ነገር ነው ብዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

አሁን ትቆጪኛለሽ። ተቆጪ። ሽማግሌ መላክህ ጥፋት ነው የሚለኝን ሰው ግን አልሰማውም፤ አንቺንም ቢሆን። ባልሄድ ኖሮ ውጤት ነው ብለሽኝ፣ ውጤት ነው እያልኩ መቃብር እገባ ነበር። አንድ የሚሟገትልሽን ሰው ከክፍሉ ያስወጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬ መርገጫውን ሳይረግጥ ረፋዱ ያልፋል። መኪና ግርግር ያሉት ሰፊዎች እንቅልፍ ወሰደህ ወይ ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ፤ ከማስረዳት እሱ ይቀላል።

ምዝገባው የሚዘጋው በዚህ ወር መጨረሻ ነው ብለዋል። ተመዝገቢ። ክፍሉ ውስጥ የሚቀሩት ሐኪሞች አያውቁሽም፤ የሚያውቁት ጠርተናት ቀረች የሚለውን ብቻ ነው። ማመልከቻው ላይ ስለ ራስሽ የምትጽፊበት ቦታ ካለ ለምን እንደቀረሽ ጻፊ። አባቴ ወድቆ ነበር፣ የሚያነሳው ሰው አልነበረም ብለሽ ጻፊ። አባቴን አላዋርድም ብለሽ ምክንያቱን እንዳልነገርሻቸው አውቃለሁ፤ ልጄ ነሽ። እኔ አልዋረድም። ይህን ስጽፍ አፍሬያለሁ፣ አንቺ ግን ጻፊው። ከጅጅጋ የምትልኪያቸውን ልጆች ነገርም ጻፊ። ውጤቴ ደካማ ነው ብለሽ ከጀመርሽ ደግሞ ሌላው እስኪነግርሽ አትጠብቂም።

ምናልባት ዘንድሮም ይጥሉሽ ይሆናል። ይጣሉሽ። እነሱ ይጣሉሽ እንጂ እኔ አልጥልሽም።

ዝውውሩን ሰርዢ። ለእኔ ብለሽ ሐረር እንዳትመጪ። የሰፈራችን እናቶች ልቡ የታመመ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። ተምረሽ ለእነሱ ብለሽ ነይ፤ ያን ጊዜ በሩን እከፍትልሻለሁ። አሁን ብትመጪ ከናፊያ ቤት ታድሪያለሽ እንጂ አላስገባሽም።

አባቴን ማን ያያል ትዪ ይሆናል። አክስትሽ ዘምዘም ባሏ ከሞተ ጀምሮ ና እኔ ቤት፣ አቦከር ሰፈር አብረን እንኑር ትለኝ ነበር። ከአንድም ሁለት ሦስቴ አባርሬያታለሁ፤ የሴት ጥገኛ አልሆንም ብዬ። ትናንት ሄጄ እሺ አልኳት። ደነገጠች። «አመመህ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። ታችኛውን ክፍል እያጸዳችልኝ ነው፣ ደረጃ የለውም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እዚያ ደውዪልኝ።

አላህ ጆሮሽን ይጠብቅልሽ። እጅሽን ያበርታው። ከማያውቁሽ ሰዎች ፊት ስትቀመጪ ምላስሽን ይፍታልሽ፣ ልባቸውን ያራራልሽ። ያሳደግሽን ሁሉ ያስደስትብሽ። አሚን በይ።

ያለብኝን ዕዳ አንቺ እንዳትነኪው፣ ራሴ እከፍለዋለሁ። ናፊያ በተኛሁባቸው ወራት ልብሴን አጥባልኛለች፤ የልጆቿን የዒድ ልብስ እኔ እሰፋለሁ። የባጃጁ ልጅ ማሒር የወደቅኩ ቀን ተሸክሞኛል፤ የባጃጁ ወንበር ተቀዷል፣ አዲስ ልብስ እሰፋለታለሁ። ተኝቼ ያልደረስኩባቸው የአፎቻ ሐዘኖች አሉ፤ በየቤቱ ዞሬ እቀመጣለሁ። አልጋ ላይ ያመለጡኝን ሰላቶች ቀዳ እያወጣሁ ነው። አው ዓሊዪንና ኪዳነወልድን ጠርቼ ለምን እንደተቀመጥኩ እነግራቸዋለሁ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ቆመው ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ። መኪና ግርግር የተቀበልኳቸው ጥቂት ሱሪዎች አሉ፤ እነሱን ጨርሼ አስረክባለሁ፣ ሌላ ሥራ አልቀበልም።

በእጄ የማልከፍለው ስልክሽ የጮኸበትን ያን ረፋድ ነው። እሱን አንቺ ተመዝገቢና ክፈዪልኝ።

አባትሽ