አገጬን ያሰርኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥር 14

ሽማግሌ ተላከብኝ! ለእኔ! ለጥሩወርቅ፣ ባሏ ለሞተባት፣ አርባን ላለፈችው የዳንግላ ተማሪ ቤት የባልትና አስተማሪ! የላከው ደምሴ ነው፤ የእንጅባራው፣ ፈረስ የሚያረባው ደምሴ። ሰላምታው ይቆየን ደብተሬ።

የመጡት የነፍስ አባቴና አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤተሰብ የለኝ፤ ራሴ ወንበር አቅራቢ፣ ራሴ ተጠያቂ፣ ራሴ ታጪ። ደምሴን ጠቅሰው ሲጠይቁኝ እንደ ወጉ አንገቴን ደፋሁ። አንገቴን ስደፋ ነው ጉዱ የመጣ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ነገር አለች፣ ልጄ። የደምሴ ታላቅ እህት እሜቴ አበጁ፣ እንቅርት አለባት ሲሉ ሰምተዋል። እሑድ መጥተው በእጃቸው ሳይዳስሱ እሺ አይሉም።»

በእጃቸው ሳይዳስሱ! እንደ ገበያ በግ!

እንቅርት አይደለም፣ ጥጋብ ነው ልላቸው ነበር፤ ዋጥኩት። የዋጥኩትም እዚያው አገጬ ስር የተጠራቀመ መሰለኝ።

ሲወጡ መስታወት ያዝኩ። ከፊት ደህና ነኝ። ወደ ጎን ስዞር፣ ኤጭ! ከአገጬ ስር ሌላ አገጭ ተንዘርጥጧል፤ ሲነኩት እንደ እርጎ ይርገበገባል። ስስቅ ቀድሞኝ ይስቃል። እናቴ በልጅነቴ ካስነቀሰችኝ ሦስት ረድፍ ንቅሳት የላይኛው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። በጣቴ ገልጬ ፈለግኩት። አለ፣ ላብ ጠጥቶ ተቀምጧል። ቀፈፈኝ። የገዛ አንገቴ ቀፈፈኝ።

እንቅርት ነውር ሆኖ አይደለም። አክስቴ ነበረባት፣ እንደ እሷ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። እሜቴ አበጁ ግን «ለልጅ ይተርፋል» ይላሉ አሉ። በእኔ ዕድሜ ምን ልጅ!

ደምሴን እፈልገዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አምና የእህቱን ልጅ ሊያስመዘግብ መጥቶ ስለ አንዲት እልኸኛ በቅሎ ያወራኝ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መሳቅ ሰለቸኝ።

እስከ እሑድ ይህ ነገር ከአገጬ ስር ይነሳልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ለሀዋ ነገርኳት። ሀዋ ጎረቤቴ ናት፤ አቡጀዲና ሽቶ ትሸጣለች፣ እንደ መርፌ ቀጭን ናት።

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? እኔ ይኼን ለማግኘት ስንት ቅቤ ጠጣሁ!»

«ውሰጂልኝ!»

ስቃ ስቃ ሲወጣላት ዋግምት የምታወጣ ሴትዮ ዘንድ ወሰደችኝ። ውይ፣ ምነው እግሬን በሰበረው! ሴትዮዋ በምላጭ ጫር ጫር አደረገችኝና የላም ቀንዱን ደፍታ በጫፉ በአፏ ትስብ ጀመር። ፊቷ ከፊቴ አንድ ጣት አይርቅም። ነጭ ሽንኩርቱ፣ የትናንቱ አረቄ፣ ሁሉም ተባብሮ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ምራቋ በቀንዱ ላይ ወርዶ ወደ ደረቴ! ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስጨፍን ጭራሽ ድምፁ ባሰ። ጭጵ፣ ጭጵ።

ሲያልቅ የረጋውን ደም በሸክላ ይዛ «ይኸው ስብሽ» አለችኝ። ስብ የለም። እንደ ጉበት የጠቆረ ደም ነው። አጥር ስር ሄጄ ምሳዬን መለስኩ።

አሁን አገጬ እንደነበረ ሆኖ ክብ ቀይ ማኅተም ተመትቶበታል።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ድሬሰሩ፣ ቁስል አጣቢው፣ ልጅ እግር ነው፤ «እትዬ» ይለኛል። ጉሮሮዬን ይዞ ውሃ አስዋጠኝ።

«እንቅርት ቢሆን ሲውጡ አብሮ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የእርስዎ ስብ ነው» አለ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ማጥፊያውስ? አልኩት። አስመራ አንድ የፈረንጅ ሐኪም አለ አሉ። ከዚህ እስከዚህ ይሰነጥቃል (በእርሳሱ አንገቴ ላይ አሰመረ፣ ሰቀጠጠኝ)፣ ስቡን ይጠርጋል፣ የተረፈውን ቆዳ ቆርጦ እንደ ጋቢ ጠርዝ ይሰፋዋል።

«ስቡ ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅኩ። ምን አስጠየቀኝ!

«እንደ ዶሮ ሞራ ነው እትዬ፣ ቢጫ። ሲወጣ ትኩስ ነው።»

ዛሬ ጾም መሆኑ በጀኝ። ዶሮ ግን ከእንግዲህ እንዴት አድርጌ እንደምበላ እንጃ።

«ሌላ መላ የለም?»

«ትንሽ ትንሽ መብላት።»

«እሱን ተወው።»

ለእሜቴ አበጁ ስብ መሆኑን ንገርልኝ ስለው እጁን አራገበ። አንድ ጊዜ መርፌ ሊወጋቸው ሄዶ በከዘራ አባረውታል። ሴትዮዋ ከራሳቸው እጅ በቀር የሚያምኑት የለም።

ሐሙስ፣ ጥር 17

አልቅት። ሀዋ በጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ከረግረጉ ያስለቀመችው ነው። ጥቁር፣ የሚያሟልጭ፣ አንዴ እንደ ክር የሚረዝም፣ አንዴ እንደ ባቄላ የሚያጥር። ሦስቱን አገጬ ስር አስቀመጠችልኝ። ሁለቱ ነከሱ። ሦስተኛዋ አልተስማማትም፣ ቀስ ብላ በጉንጬ ላይ ሽቅብ ወጣች። ወደ አፌ! ከንፈሬ ጫፍ ላይ ቅዝቃዜዋ ሲሰማኝ የጮኽኩት ጩኸት እስከ መናኸሪያው ተሰምቷል።

የጠገቡት ራሳቸው ወደቁ። ሀዋ ጨው ስትነሰንስባቸው የጠጡትን መልሰው ተፉት፤ የእኔን ደም፣ ምንጣፌ ላይ። ሀዋም እኔም ተያይዘን ወደ ደጅ።

አርብ፣ ጥር 18

አብጧል። ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ።

ተማሪዎቼ ስለ ወጥ አያያዝ ሳስተምር ዓይናቸው አገጬ ላይ ተተክሎ ዋለ።

የተወቀጠ ኮሶ ልጠጣ አሰብኩና ሽታው ብቻ አባረረኝ። በዚህ ሳምንት የዋጥኩት አስቀያሚ ነገር ይበቃኛል።

ቆይ! አዲስ አበባ አዳሪ ተማሪ ሳለሁ ፈረንጇ የበላያችን በየቀኑ ከምሳ በኋላ አገጯን በነጭ ጨርቅ ወደ አናቷ አስራ፣ ያለ ትራስ በጀርባዋ ቀጥ ብላ ትተኛ ነበር። በቁልፍ ቀዳዳ አይተን በሳቅ ፈርሰናል። አንገቷ ግን የሰጎን ነበር። ደም የለው፣ ምራቅ የለው። ንጹሕ ነገር። ነገ ተማሪ ቤት የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ከነጠላዬ ጥለቱን ቀድጄ አገጬን ወደ አናቴ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። በጀርባዬ ተጋደምኩ። ብርድ ነበርና ነጭ አንሶላ እስከ አንገቴ ሳብኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ። ደክሞኝ ኖሮ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሀዋ ዳቦ ይዛልኝ ገባች።

«ኡኡ! ጥሩዬ! ማን ገነዘሽ!»

ሬሳ ነው አገጩ የሚታሰር! እንደዚህ ያለ ነገር ስንቴ በገዛ እጄ አስሬ፣ ሟቹን ባሌን እንኳ አስሬ፣ እንዴት አንድ ጊዜ አልታሰበኝም? ብንን ብዬ ልናገር ብል አፌ ታስሯል። «እምምም!» አልኩ። ይህን ጊዜ ሀዋ ዳቦውን ወርውራ ሮጠች። እኔ ቋጠሮውን ስታገል የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ መንደሩን አዳረሰ። በመጨረሻ ፈትቼ ደጅ ስወጣ ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡት ሴቶች እንደ ዶሮ ተበተኑ። ሀዋ መጣችና ቆነጠጠችኝ። እንዳመመኝ አይታ ዳግመኛ ቆነጠጠችኝ፣ አሁን በንዴት ነው። ከዚያ ተያይዘን መሬት ላይ ተቀመጥን፣ መነሳት እስኪያቅተን ሳቅን።

ሳቁን ያቆመልኝ የጡሩምባ ነፊው ቃል ነው። «አውቶቡሱ ሄዷል እኮ፣ እትዬ። ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ፣ መርዶውን እንጅባራ እንዲያደርስ።»

የዛሬ አውቶቡስ ደግሞ አዲስ ቅዳም ገበያው ላይ ይቆማል። ደምሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረስ ይዞ እዚያ እንደሚውል የማያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ ፈረስ ሲጋልብ ሰማሁ። የማደርገው ጠፋኝ፤ የሀዋን ዳቦ እያኘክሁ በር ላይ ቆምኩ። ደምሴ ወረደ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል። አየኝ። ዳቦውን አየ። ልጓሙ ከእጁ ወደቀ።

«አለሽ?» አለ።

አፌ ሞልቶ ነበር፣ ራሴን ነቀነቅኩ።

ዞር ብሎ ፊቱን ፈረሱ ጋማ ውስጥ ቀበረው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ማወቅ አልቻልኩም። እንደ መሰለኝ ሁለቱም ነው። ለአገጬ ስል እንደሆነ ስነግረው ቀና አለ።

«አንገት የማየው ፈረስ ስገዛ ነው» አለኝ።

ይህን እያወራን ከመንገዱ ማዶ ሙሾ መጣ። እሜቴ አበጁ! እሳቸውም ከገበያው፣ በበቅሎ፣ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ። «ወይ ጥሩወርቄ! ወይ የወንድሜ ሚስት! ሳልስምሽ! ሳላቅፍሽ!» ዳንግላ በሙሉ ቆሞ እየሰማ።

በሬ ድረስ መጥተው አዩኝ። ሙሾው አየር ላይ ቀረ።

ሀዋ ናት የቀደመች። «እሜቴ፣ የወንድሜ ሚስት ብለው አልቅሰዋል። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አልቅሰው የቀበሩትን እንዴት አላውቅም ይላሉ?»

ያጉረመረመው ሰው ብዛቱ! እሜቴ ግን እሜቴ ናቸው። ከበቅሎ ወርደው ቀጥታ ወደ አንገቴ። ያንን ትንባሆና የበቅሎ ላብ የሸተተ እጅ እጥፋቱ ውስጥ ከተቱት፤ ፈተጉ፣ ቆነጠጡ፣ የዋግምቱን ቁስል፣ የአልቅቱን እብጠት፣ ሁሉን።

«ዋጪ።»

ዋጥኩ። የቀረው ዳቦ ነበር።

«ስብ ነው» አሉና ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እሳቸው እኔን ተጸይፈው ጠረጉ! እኔ ደግሞ እሳቸው ሲሄዱ በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩ።

ለወንድማቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሉት፣ የማልሰማ መስሏቸው። እናቴ የጥርባ አገው ልጅ መሆኗን ማን ነግሯቸው! ያሉት ይህን ነው፦ «ይሁን፣ ውሰዳት። የእንጅባራን ክረምት ታሞቅሃለች።»

እሑድ፣ ጥር 20

ቁስሉ ያሳክከኛል። አገጬ በቦታው አለ፣ ሁለቱም። ጠዋት መስታወት ሳይ እንደ ሰኞው አልቀፈፈኝም አልልም፤ ትንሽ ቀፈፈኝ። ግን ደምሴ «ነገ ደግሞ ምን ታስሪ ይሆን» ብሎ የሄደው ትዝ አለኝና ሳቅ ስል እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ሳቀ። ተውኩት።

ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ መልስ ተመልሰው መጡ። እሺ አልኩ። አንገቴን አልደፋሁም በዚህ ጊዜ።

ትናንት ለለቅሶ ብለው ዳቦና ጠላ የያዙ ሰዎች ይዘው መመለስ አፍረው እኔ ዘንድ ጥለውት ሄደዋል። ሀዋ ለራሷ ዘመዶች በሙስሊም እጅ የሚታረድ በግ መርጣለች። እሜቴ አበጁ ድንኳኑን ከእኔ ይሁን ብለዋል። ጡሩምባ ነፊውም ስሙን ያድስ፤ ነገ በየመንደሩ ይዙርና እንዲህ ይበል፦ ጥሩወርቅ አልሞተችም። የሚቀጥለው እሑድ፣ ጥር ሃያ ሰባት፣ መድኃኔ ዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ ታገባለች። ቅዳሜ ለለቅሶዋ የመጣ ሰው በሙሉ ለሠርጓ ይምጣ። የሚቀር አይኖርም።