ደወሉ ያልሰማው ጥሪ

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይወጋሻል? እናታችንስ ምግብ ትቀምሳለች? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ጤናዬ ደህና ነው። ሆዴ ግን ከፍቶታል፤ ላንቺ ካልተነፈስኩ ለማን እተነፍሳለሁ?

እንደምታውቂው የምሠራበት ቤት የሐኪም ቤት ጥሪ ደወል ይሠራል። በሽተኛው አልጋው ላይ ሆኖ ቁልፉን ሲጫን ነርሷ ጋ ይጮኻል። በደወሉ ውስጥ ሆኖ ምልክቱን በሽቦ የሚልከው የቀድሞው ቺፕ ከገበያ ሲጠፋ አለቃችን ሌላ አስመጡ። ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ደህና ሠራ፤ ሁሉም እሰይ አለ። እኔን ግን ከነከነኝ። የቺፑ መውጫ ላይ ኤሌክትሪክ የሚስብ ሬዚስተር ጭኜ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ ለካሁ። ብዙ ወረደ፤ ቺፑ አቅመ ቢስ ነው ማለት ነው። ከአልጋው እስከ ነርሷ የሚዘረጋው ረጅም ሽቦ ደግሞ እንደ እንስራ ነው፤ እስኪሞላ ምልክቱ ከፍ አይልም። አቅም የሌለው ቺፕ እያዘገመ ይሞላዋል። ምልክቱ ወጥቶ ሳይጨርስ የሚወርድበት ጊዜ ከደረሰ ደወሉ ምንም አይሰማም። ምልክቱ ከፍ እስኪል የሚፈጅበትን ጊዜ አስልቼ ለአለቃችን ብነግራቸው፣ «በግምት ሥራ ላስቁም?» አሉኝ። ካላመኑኝ እውነተኛውን ሽቦ ዘርግተን እንየው አልኳቸው።

በኮሪደሩ ዘረጋነው። ቁልፉን የተጫነችው ቺፖቹን የምትበይደው ባልደረባዬ ናት፤ ያቺ ሳቂታዋ፣ እዚህ ስመጣ ማንንም ሳላውቅ ክፍሏን ያካፈለችኝ። አንዴ ጮኸ፤ ደግማ ስትጫን ዝም አለ። የምልክቱን ቅርጽ በሚያሳየው መለኪያ መስኮት ላይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር እንደ ዳገት ተጋድሟል። «ሰው እየተጣራ ሰሚ ያጣ ነበር» አሉ አለቃችን፣ ቁጭ ብለው። ማንንም አልተቆጡም።

የአዲሱ ቺፕ ግዢ ትእዛዝ ተሰረዘ። ጠንካራው ቺፕ መቼ እንደሚገኝ ስላልታወቀ በያጆቹን በሙሉ አሰናበቱ። ሳቂታዋ ሻንጣዋን ስታስር አጠገቧ ቆሜ ልብሷን አጣጠፍኩላት። «ስለ ቺፑ ዝም ብትዪ ይሻል ነበር አልልሽም» አለችኝ፤ «ግን ዛሬ አይዞሽ እንድልሽም አትጠብቂ።» ዘመዶቿ ጋ ሄደች። ስደውልላት አታነሳም። ልክ ነበርኩ እትዬ፤ ልክ መሆን ግን እራት አብሮ አይበላም። የእሷን አልጋ ግድግዳው ጋ አስጠግቼ ልብስ አስቀምጥበታለሁ፣ ባዶውን ላለማየት።

አደራ፣ ይህን ለእናታችን እንዳትነግሪያት። ብቻዬን አለመሆኔን እያሰበች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ስትጠይቅሽ ሁለቱም ደህና ናቸው በያት።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን በጣም አክባሪህ ነኝ ብላለች በይልኝ። ትልቋን በትምህርቷ እንድትበረታ፣ መንታዎቹን ደግሞ እንዳይደባደቡ አክስታችሁ ብላለች በያቸው። ለታችኛው ቤት አሮጊትም ሰላምታዬን አድርሺ።

ታናሽ እህትሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ጥር ፲፪ ቀን