ከመጋረጃው ጀርባ የተለጠፈ ደንብ

ጥር 6
ሁለት ቀሚስ ሰፋሁ፣ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ። ደንበኛዬ መምህሩ የሚስታቸውን ካፖርት ሊወስዱ መጡ። ገበሩ እንዲቀየር ካመጡት አምስት ወር! ሚስታቸው በመሃል አርፈው ነው አሉ... አዘንኩ። ግን ደረሰኙ "በቤቱ ደንብ መሠረት" ይላል። ሦስት ወር ካለፈ ልብሱ የቤቱ ነው።
"የቱ ደንብ ልጄ?"
"ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ የተለጠፈው።"
ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ካፖርቱን እንደሆነ ታላቅ እህቴ እትዬ እየለበሰችው ነው። ምን ላድርግ?

ጥር 19
በውል ከምሰፋለት የልብስ ፋብሪካ ደብዳቤ መጣ። ለእነሱ የሰፋሁባቸው ፓተርኖች፣ ጨርቅ የምቆርጥባቸው የወረቀት ንድፎቼ፣ በሙሉ የእነሱ ናቸው ይላል! ሚስማር ላይ የሰቀልኩት ወረቀት ሁሉ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቴ። በየት በኩል? ውሉን አወጣሁ። ስድስተኛው መስመር፦ "የድርጅቱ አጠቃላይ ደንብ የዚህ ውል አካል ነው።"
ደንቡን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሳልለካ መቀስ የማላነሳ ሴት፣ ሳላይ ፈረምኩ። ምነው እጄን በቆረጠው!

ጥር 20
እትዬ፦ "ስትፈርሚ ዓይንሽ የት ነበር?"
 ያለ ፓተርን በምን ልኖር ነው?

የካቲት 11
ፍርድ ቤት። ፓተርኖቼን አላስረክብም ስላልኩ ፋብሪካው ከሶኛል። የፋብሪካው ጠበቃ "ፈርማለች፣ አለቀ" አለ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።
"ደንቡን ሰጥታችኋት ነበር?"
"ቢሮ አለ። ብትጠይቅ ታየው ነበር።"
"ቢሮ ውስጥ የት?"
"...በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ።"
ሰው ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። መሳቢያ፣ መጋረጃ... ምን ልዩነት አለው?

የካቲት 25
ተፈረደልኝ! "ባላሳያችኋት ደንብ ልትይዟት አትችሉም" አሉ ዳኛዋ። ፓተርኖቼ ተረፉ! እትዬ እልል ብላ በሩ ላይ አቀፈችኝ። ያንን ካፖርት ለብሳ። 
"እትዬ፣ አውልቂው።"
"አበድሽ እንዴ? በዚህ ብርድ?"
የማን እንደሆነ ነገርኳት። እያጉረመረመች አወለቀች።

የካቲት 26
ደንቡን ነቅዬ በሩ ላይ በትልቁ ለጠፍኩ። ከዚያ መምህሩ ቤት። ካፖርቱን ሲያዩ ደረሰኙን ከኪሳቸው አወጡ... እስከዛሬ ይዘውታል!
"ሦስት ወር አልፏል አላልሽኝም?"
"ደንቡን መች አሳየሁዎት? እርስዎን አይይዝም።"
አንገትጌውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ይቅርታ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ።