የቤሪት ሣጥን ፀሐይ ላይ

ሜይ 6፣ ቅዳሜ
ተኩስ ክበብ ዋልኩ። ነፋስ የለም፣ ቅዝቃዜው ገና አልለቀቀም። ደህና ተኮስኩ። ቤሪት ግን አምስቱንም ጥይት በአውራ ጣቴ ልሸፍነው የምችለው ቦታ ላይ ከመረቻቸው። እንዴት? ጥይቷን የምትሞላው በዚያ ርካሽ ድቡልቡል ባሩድ... እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ኩልል የሚል፣ ሙቀት ሲነካው ጠባዩ የሚለወጥ። እኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ፣ ሙቀት የማይበግረውን ቁርጥራጩን ባሩድ በሚዛን እየለካሁ... እሷ የእህል መጋዘን ጸሐፊ።

ሜይ 20
ለጁላዩ የቢሊንግስ ውድድር አንድ ቦታ ቀርቷል። የክበቡ አለቃ ኦርቪል ናቸው ያሉት። ወይ እኔ ወይ ቤሪት። ጁን 24 ተኩሰን የበለጠው ይሄዳል። የእሷ ባሩድ በበጋ እንደማያዛልቅ አሥር ደቂቃ ሙሉ አስረዳኋቸው።
«ዶክተር፣ ይህንን ለኢላማው ንገረው» አሉኝ።
ቤሪት ሳቀች። እኔም ለይምሰል ሳቅሁ።

ጁን 10
ኦርቪል የጥይት መሙያ መሣሪያቸውን ለእሷ አዋሷት። ሦስት ዓመት የተመኘሁትን። ለእኔስ? ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ጁን 24
ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል። የቤሪት የጥይት ሣጥን ፀሐይ ላይ ተከፍቶ አየሁ። የእኔ ጥላ ውስጥ፣ እርጥብ ፎጣ ሥር ነው። «አንሺው» ማለት ነበረብኝ። ዋጥኩት። ባሩዱ ግሎ ጥይቶቿ ከኢላማው በላይ ሲሄዱ ታየኝ...
አራቱን መሃል ለመሃል መታሁ። አምስተኛውን አጉርሼ ሳለ እሷ ጀመረች። ስትስት ለማየት ዞርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሁሉም መሃል። ምን ያህል ቆየሁ? ጥይቴ በጋለው ጠመንጃ ውስጥ ሲበስል ረሳሁት። ስተኩስ አንድ መዳፍ ያህል ከፍ አለ። ሙቀት የማይበግረው ባሩዴ።
ኦርቪል ዓይናቸውን ከርቀት ማያ መነጽሩ ሳያነሡ፣ «ዶክተር፣ የማንን ኢላማ ነበር የምታየው?»
ቦታው የእሷ ሆነ።

ጁን 25
ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እግሬ ቤቷ ወሰደኝ። ጋራዧ ውስጥ ቀለህ ትወለውላለች።
«ትናንት ሣጥንሽን ፀሐይ ላይ አይቼ ዝም አልኩ።»
«ስታየው አይቼሃለሁ» አለች፣ ሥራዋን ሳታቆም። «ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»
ደብተሯን አሳየችኝ። ከክረምት ጀምሮ፣ በበረዶ፣ በጥላ፣ በፀሐይ... በየዲግሪው ጥይቷ ስንት ከፍ፣ ስንት ዝቅ እንዳለ። ለሙቀቱ ብላ ባሩዱን አሳንሳ ነው የምትሞላው። ጥይቶቹ እኩል እስኪሞቁ ትጠብቃለች፣ ከዚያ የጠመንጃዋን ማነጣጠሪያ መነጽር ታስተካክላለች።
«ባሩዴ ይለዋወጣል፤ ግን ሁሌም በአንድ መንገድ። የማትጨበጠው አንተ ነህ።»
መጥረጊያ አንሥቼ ወለሉን ጠረግሁላት።

ጁላይ 15፣ ቢሊንግስ
የሙቀት መለኪያውን የማነብላት ሆኜ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ራሴ ለምኜ ነው። የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል የድንኳኑ ጥላ ተሳበ... የሣጥኗን ግማሽ ሸፈነው። የእሷ ዓይን ኢላማው ላይ ነው። አላየችም።
ትንሽ ዘገየሁ። ቅናት በሦስት ሳምንት የት ይሄዳል?
«ቤሪት፣ ጥላ ገባበት» አልኳት።
ሣጥኑን ወደ ፀሐዩ ገፋ አደረገችና መጠበቅ ጀመረች። እኔም አብሬ ጠበቅሁ።