ሞተር ለማይጠፋበት ግቢ ኃላፊ፦ ስለ ልጄ ስም

ለተከበሩ አቶ ጀንበሬ፣ የከባድ መኪና ማቆያ ግቢ ኃላፊ
ካርቲየ 4፣ ጅቡቲ

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ እንደምን ነው? መስኮቱ በማይከፈተውና ኤሲው በማያርፈው ቢሮዎ ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ በደህና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ሦስቱን በእጅዎ ሰጥቼ መልስ ስላጣሁ፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ ያንብበው ብያለሁ። እኔ ከግቢዎ ጋር ግድግዳ የምጋራው ፅዮናዊት፣ የሾፌሩ የክፍሌ ባለቤት ነኝ።

አንደኛ፣ ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁት ተሳቢዎች ሞተራቸውን ሳያጠፉ በመስኮቴ ሥር እንዲውሉ እንዲያድሩ ስለፈቀዱ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ነጭ አንሶላዬ ሳይደርቅ ስለሚጠቁር ማቅለሚያ መግዛት ቀርቶልኛል።

ሁለተኛ፣ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ልጄን ሱሪያን አርግዤ ሳለ ሙቀቱ ሲያንገበግበኝ፣ ክፍሌ እዚያው ግቢዎ ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ጋቢናው ውስጥ በኤሲ ያስተኛኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ዕድለኛ ይሉኝ ነበር፤ ሾፌር ሚስቱን የሚያቀማጥለው እንዲህ ነዋ! በመኪኖቹ ሁሉ የናፍጣ ጭስ መሃል መተኛቴን የነገረኝ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ሱሪያ አሁን ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። በስሟ ስትጠራ ዞር አትልም፤ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ጢጥ ጢጥ ግን ልቅም አድርጋ ትለዋለች። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው አሉኝ። ስለ ጭሱ ብጠይቃቸው፣ በእርግዝና ጊዜ የተበከለ አየር መተንፈስ ከኦቲዝም ጋር ሊያያዝ እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፣ የአንቺ ልጅ በዚህ ነው ብዬ ግን አልምልም አሉ። እኔም አልምልም። እርስዎ ግን፣ ጸሐፊዎ እንደነገረችኝ፣ ጭሱ በሙሉ ወደ ባሕር ይሄዳል ብለው ይምላሉ፤ እሰይ፣ ነፋሱንም የሚያዙት እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም ነበር።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ጥቀርሻ ግን በአፍንጫ ይገባል ጌታዬ። ዛሬ እንደገና የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ፈርቻለሁም። ትናንት ደግሞ ሠራተኞችዎ በሌላኛው መስኮቴ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ ለአሥራ ሁለት ተሳቢ በኖራ ሲያሰምሩ አየሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቢያንስ እስክወልድ፣ ቆመው ተራ የሚጠብቁ ሁሉ ሞተር ያጥፉ ብለው ይዘዙ። ክፍሌ ሳይታዘዝ አጥፍቶ፣ ላቡን እየጠረገ መጠበቅ ጀምሯል።

አየርዎን ሳይሰስቱ የሚያካፍሏት፣ የግድግዳ ጎረቤትዎ
ፅዮናዊት፣ ከነልጇና ከነጽንሷ

ተጨማሪ፦ ባለፈው ሳምንት፣ ሐኪሙ እንዳስተማሩኝ ሱሪያ ፊት ተንበርክኬ ስሟን ደጋግሜ ስጠራ፣ በአራተኛው ዞር ብላ አየችኝ። እርስዎንም ስጠራዎ ይህ አራተኛዬ ነው፣ አቶ ጀንበሬ።