ባለቤቱ ኢተያ ነው

ለወንድሜ ለይበልጣል
ጋምቤላ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ ወባ ዳግመኛ አልጎበኘህም? ወለላስ ወገቧ ተሻላት? ልጆቹስ አደጉ? ከደጅህ የሚገባውም የሚወጣውም ሁሉ ሰላም ይሁን። እዚህ አሰላ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀንም፣ በልግ ግን ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ልጄ ማሂ ደህና ናት፣ የነርስነት ትምህርቷን አጥብቃ ይዛለች። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ጾም ነው፣ አልዋሽም። ተናድጃለሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ግማሹ ንዴቴ በጡረታ ቢሮው ነው፤ ግማሹ ግን በአንተ ነውና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

በአጎታችን ልጅ በገብረ መድህን የላክኸው ቃል ደርሶኛል። እሱ እንደሆነ ወሬው ከመኪናው ይፈጥናል። ገበያ መሃል መኪናውን አቁሞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ይበልጣል አዝኖብሻል። ባል ስታገባ ለወንድሟ አትነግርም ወይ? እሱስ ይሁን፣ የመንግሥት ገንዘብ መብላት ምን የሚሉት ነው? ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትክፈልና ስማችን ከሰው አፍ ይውጣ ብሎሻል» አለኝ። ሽንኩርት ሻጮቹ ሁሉ እየሰሙ። ሊሄድ ሲል ደግሞ «ለማንኛውም እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። በስልክ ልመልስልህ አስቤ ተውኩት። ታውቀኛለህ፣ ስናደድ ድምፄ ይጠፋል፤ አንተም ሰውን አታስጨርስም። በወረቀት ግን አታቋርጠኝም።

እንግዲህ ስማ። ባል አላገባሁም።

ባሌ ሀይሉ ካረፈ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ቤት አስለቀቁን። አሁን የምንኖርበትን ክፍል አንተ አታውቀውም፣ ከለቅሶው ወዲህ ብቅ አላልክም። ግቢው የቱፋ ነው። ቱፋ ኢተያ የሚኖር የስንዴ ነጋዴ ነው፤ ሚስቱም ልጆቹም እዚያው ናቸው። ግቢያችን ውስጥ መጋዘን ስላለው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ስንዴውን አይጥ እንዳልበላው ያያል፣ ወር ሲሞላ ኪራዩን ይቀበለኛል፣ ይሄዳል። ውሃ እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው። በጎን ያለችው ክፍል ውስጥ ሀጂራ ትኖራለች፤ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ ልቧም እንደ ቅቤዋ ነው። አማርኛዋ ግን የገበያ አማርኛ ነው፤ ለዋጋ ይበቃል፣ ለመንግሥት አይበቃም።

ባለፈው ጥቅምት የጡረታ ቢሮው የሟች ቤተሰቦችን ሁኔታ አጣሩ ብሎ ሰው በየቤቱ ላከ። እኔ ለምሸጠው በሶ የሚሆን ገብስ ልገዛ ጎበሳ ሄጄ ነበር። ሰውየው ሞተሩን ሳያጠፋ ሀጂራን «ባለቤቷ አሉ?» ይላታል። እሷ በቋንቋዋ አሰበችዋ! በኦሮምኛ «አባ መና» ሲሉ ባልም ነው፣ የቤት ጌታም ነው። የእኛም «ባለቤት» ከዚያ አይሻልም። የግቢውን ጌታ የጠየቃት መስሏት «ባለቤቱ ኢተያ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል» አለችው። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲላት «ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል» አለች። እዚህ ቤት ከገባሁ ማለቷ ነው። እሱ በሞተሩ ጩኸት መሃል «ካገባች» ብሎ ሰማ። ይብስ ብላ ደግሞ «ጥሩ ሰው ነው፣ አይጮህባትም፣ ገንዘብ ሲያጥራት ይታገሣታል» ብላ መረቀችበት። ማታ ስመለስ «ዘመናይ፣ ዛሬ ለመንግሥት ስለ ቱፋ በጎ በጎውን ነገርኩልሽ» አለችኝ። እኔም አመሰገንኳት።

በየካቲት ባንክ ስሄድ ጡረታው አልገባም። ቢሮ ስሄድ ደብዳቤ ሰጡኝ። አንተ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳነብ ትስቅብኝ ነበር፤ በዚያ ባልማር ኖሮ ይህንንም ሌላ ሰው ያነብልኝ ነበር። መበለት ዕድሜዋ ሳይገፋ ሌላ ባል ካገባች የሟች ባሏ አበል ይቋረጥባታል፤ እኔም አግብቼ ሳላሳውቅ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ «ያላግባብ» የወሰድኩትን የሁለት ዓመት ከምናምን አበል፣ ሃምሳ ሺህ ብር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ እንድመልስ ይላል። ያላገባችን ሴት «ያላግባብ» ይላታል! መንገድ ላይ ሳነበው ሳቄ መጣ።

ጉዳዩን የያዘው ፊሊጶስ የሚባል፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር ሠራተኛ ነው። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር። የቱንም ብነግረው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «እናቴ፣ ሲስተሙ ባለትዳር ነው የሚልሽ» ይለኛል። አላገባሁም ስለው፣ አለማግባትሽን አስመስክሪ ይለኛል። ያገባማ የጋብቻ ወረቀት አለው፣ ሠርግ የበላ ምስክር አለው። ያላገባ ምን ያቀርባል? ያልተበላ ድግስ በምን ይመሰከራል? ቀበሌ ብሄድ፣ መጀመሪያ ቢሮው ይጻፍልን አሉኝ። ቢሮው፣ መጀመሪያ ቀበሌው ይጻፍልን አለኝ። በመጨረሻ ፊሊጶስ አዝኖልኝ መሆኑ ነው፣ «ለምን ትንከራተቻለሽ? አጥፍቻለሁ፣ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ ብለሽ ፈርሚ፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትከፍያለሽ፣ ክሱም ይቀራል» አለኝ። ከፋሲካ በፊት ካልፈረምኩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ሀጂራ ይህን ስትሰማ አፌን በቆረጠው ብላ አለቀሰች። ለቱፋ የነገረችውም እሷ ናት። ቱፋ ደነገጠና ኪራዩን ለመቀበል እንኳ ወደ ክፍሌ መጠጋት ፈራ፤ በአጥር ላይ ነው የተቀበለኝ። ሚስቱ ሳምራ ግን አልፈራችም። ባለፈው ማክሰኞ ከኢተያ በሚኒባስ መጥታ «ጣውንቴ፣ ተነሺ» አለችኝ። ሁለታችንም ጾመኛ ነን፣ እሷ የረመዳን፣ እኔ የሁዳዴ፤ ቢሮው ድረስ በባዶ ሆድ ሄድን።

እዚያ የሆነውን በቃሏ ልጻፍልህ። ፊሊጶስን «ሰላም ነህ ልጄ? ባሌን ድረህ ለሠርጉ ሳትጠራኝ ቀረህ» አለችው። ሰልፍ የያዘው ሰው ዞረ። እሱ ሲስተሙ እያለ ሲጀምር «ሲስተሙ ማነው? ይጠራና ሠርጉን በልቶ እንደሆነ ይመስክር» አለችው። ቀጥላ «በየትኛው አገር ነው ባል ሚስቱን የቤት ኪራይ የሚያስከፍላት? እንደዚያ ከሆነ እኔም ሃያ ዓመት ውዝፍ አለብኝ፣ አስከፍለኝ!» ስትል አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ በሳቅ ዱላቸው ወደቀ። ፊሊጶስ ጆሮው ቀላ። «ጾም ላይ ባልሆን ገና እናገርህ ነበር» አለችው።

ተጨበጨበላት ወንድምዓለም፣ ግን ጭብጨባ ሲስተም ውስጥ አይገባም። ፊሊጶስ ወጣ ብሎ ከአለቃው ጋር ተማክሮ ሲመለስ፣ ውሳኔው ከበላይ ስለመጣ እነሱ መሻር አይችሉም፤ የሳምራ ቃል ይመዘገባል፤ ከዘመዶቼም ትዳሬን የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ ቢመሰክር ጉዳዩ እንደገና ይታይ ይሆናል አለ። ይሆናል! እስከዚያ ጡረታው እንደተዘጋ ነው። በበሶዬ ኪራዩን እችለዋለሁ። የማሂን ትምህርት ግን በበሶ አልችለውም፤ የሀይሉ ጡረታ ለእሷ ነበር። ልጄ «እማዬ፣ ፈርሚና ይለቅሽ፣ እኔ አቋርጬ ሥራ እፈልጋለሁ» ስትለኝ ነው አንጀቴ የተቃጠለው። የሞተው አባቷ የሚያስተምራትን ልጅ፣ እነሱ በአንዲት ቃል ሊያስቀሯት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባዕዷ ሳምራ ባሏን ሰጡብኝ ሳትል ከኢተያ መጣችልኝ። አንተ የእናቴ ልጅ ግን እውነት ነው ወይ ብለህ እንኳ አልጠየቅከኝም። አንድ ጊዜ ስልክ ብትደውል ምን ነበረበት? ገንዘብ ልትልክልኝ ማሰብህ ደግነት መስሎሃል። እኔ ግን ከዘለፋህ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው። ያ ገንዘብ የተከፈለ ቀን እኔ የቱፋ ሚስት ነኝ። መዝገቡም ያንን ይላል፣ አገሩም ያንን ይላል፤ ሀይሉን በሞቱ ማግስት የሸጠች ሴት ሆኜ እቀራለሁ። ስማችን ከሰው አፍ እንዲወጣ ብለህ የእኔን ስም ልትቀብረው ነው። ሳንቲም እንዳትልክ። ብትልክ ሳልነካው እመልሰዋለሁ። ደግሞም አልፈርምም። ፍርድ ቤት ካሉ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፤ ድምፄ ከጠፋም ጽፌ አቀርባለሁ።

አባታችን አልነበረምና የዳርከኝ አንተ ነህ። ሽማግሌ የተቀበልከው፣ እጄን ይዘህ ያስረከብከኝ አንተ ነህ። እንግዲያው ቁጭ በልና ለማን እንደዳርከኝ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክልኝ። የጻፍከውን ራሴ ወስጄ ፊሊጶስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከፋሲካ በፊት ይድረሰኝ።

ለወለላ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ወገቧን ትጠብቅ፣ ውሃ እንዳትሸከም። ትልቋን ልጅህን ትንሳኤን፣ አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት። ለትንሿ ለኤፊ ጉንጯን ሳምልኝ፣ ማሂም ስማታለች። ሀጂራ ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ ደብዳቤው ላይ የእሷንም ጥፋት ይቅር በል ብለሽ ጻፊ አለችኝ፣ እኔ ግን ጥፋት የለብሽም ብያታለሁ። ገብረ መድህን ከደወለልህ ደግሞ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለውን መልሶ ይውሰድልኝ።

እህትህ ዘመናይ፣
የሀይሉ ሚስት

አሰላ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.